ውዝዋዜን ያስተማሩ ሰዎች

የውዝዋዜ አስተማሪ የሚባል ሙያ በኢትዮጵያ ገጠር አይታወቅም፤ መወዛወዝ የማይችል ሰው ግን ከስንት አንድ ነው። በሰሜን ሸዋ፣ ከጣርማ በር ወደ መንዝ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው መዘዞ፣ እስክስታ አዋቂው ማን እንዳስተማረው ቢጠየቅ የሚጠራው ስም አይኖረውም። ያየውን ሠርግ፣ የዋለበትን ጥምቀት፣ አብረውት ከብት የጠበቁትን እኩዮቹን ይቆጥር ይሆናል። በከተማ መድረክና በውጭ አገር አዳራሽ ግን ውዝዋዜ ሰዓት ይመደብለታል፣ አስተማሪ ይቀጠርለታል፣ ይከፈልበታል። በሁለቱ መካከል ባለው ረጅም መንገድ ላይ ውዝዋዜን ያስተማሩት ሰዎች ታሪክ ሲታይ፣ አብዛኞቹ ከትምህርት ቤት የወጡ አይደሉም። ከዳስ፣ ከማኅሌት፣ ከጠጅ ቤት፣ ከጎዳና የመጡ ናቸው።

መዘዞና አካባቢዋ ሠርግ የሚበዛባቸው በጥር ነው። እህሉ ተወቅቶ ገብቷል፤ የጥምቀት ታቦት ወጥቶ ተመልሷል፤ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያሉት ጥቂት ሳምንታት በዳስ ይሞላሉ። የደጋው ብርድ ሲመሽ አጥንት ውስጥ ስለሚገባ ወንዶቹ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ክቡ ውስጥ ይገባሉ። አውራጁ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ከበሮው ይከተላል። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተያይተው ትከሻ ለትከሻ ይፈታተናሉ። ከእነሱ ጀርባ፣ በትልልቆቹ እግር መሃል፣ ስድስትና ሰባት ዓመት የሚሆናቸው ልጆች የራሳቸውን ትንሽ ክብ ሠርተው ይሞክራሉ። ልጁ መጀመሪያ የሚያወዛውዘው ክንዱን ነው። ያን ጊዜ አንዲት አክስት ጎንበስ ብላ ሁለቱን ክርኖቹን ከጎኑ ጋር ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች። ክንዱ ሲታሰር ትከሻው ብቻውን መንቀሳቀስ ይጀምራል። ትምህርቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ክፍለ ጊዜ የለውም።

ፈተናም አለው። ያበላሸ ይሳቅበታል፤ ያማረበት እልልታ ይወርድለታል፣ ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፍለታል። ልጃገረዶች በእንቁጣጣሽ፣ ወንዶች ልጆች በቡሄና በገና የራሳቸው ጨዋታ ስላላቸው፣ ከአዋቂ ዓይን ርቀው የሚለማመዱበት ጊዜ ዓመቱን ሙሉ አያጡም። በዚህ መንገድ የተማረ ሰው የራሱን አገር ስልት ጠንቅቆ ያውቃል። የጎንደርና የጎጃም ትከሻ፣ የወሎ አንገት፣ የምንጃርና የቡልጋ ሆታና ዝላይ እየተባለ የሚለየው ሁሉ ያለ መጽሐፍ፣ ያለ አሠልጣኝ ከትውልድ ትውልድ የተላለፈ ነው። የዚህ ትምህርት ድክመቱ ደግሞ ለባዳ አለመሆኑ ነው። ከክቡ ውጭ ያደገ ሰው በየት በኩል እንደሚገባ አያውቅም፤ ክቡም ቆም ብሎ አያስረዳውም።

ይሁንና በዚያው አገር፣ ከሠርጉ ዳስ ብዙም ሳይርቅ፣ እንቅስቃሴን በሥርዓት የሚያስተምር፣ ተማሪውን የሚፈትንና የሚያስመሰክር ሌላ ትምህርት ቤት ከጥንት ጀምሮ አለ፤ የአቋቋም ቤት። ስለ ኢትዮጵያ ውዝዋዜ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይህን ይዘነጉታል። መዘንጋታቸው ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም በመላ አገሪቱ የእጅን፣ የእግርንና የወገብን እንቅስቃሴ ከዜማ ጋር አስተባብሮ፣ ደረጃ አውጥቶ፣ ለዓመታት የሚያስተምር ከዚህ የቀደመ ተቋም የለም። ካህናቱ ራሳቸው ሥራቸው ከዘፈን ጋር እንዲቆጠር አይወዱም፤ ለእነሱ ማኅሌት ጸሎት ነው። የማስተማሪያ ዘዴው ግን ማንኛውም የዳንስ አሠልጣኝ ሊቀናበት የሚገባ ነው።

የአቋቋም ተማሪ ወደዚህ ደረጃ ከመድረሱ በፊት ንባብና ዜማ ማለፍ አለበት። መጀመሪያ ቁም ዜማውን ያለ መሣሪያ ያጠናል። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል። መቋሚያው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዘማል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ወደ ላይ ይነሣል፤ እግሩም ይከተላል። በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፤ በጽፋት ጭብጨባው ተጨምሮ ይፈጥናል። መምህሩ ተማሪውን የሚያርመው እንደ አክስትየዋ አካሉን ይዞ አይደለም። ራሱ ያሳየዋል፣ ያስደግመዋል፣ ያቋርጠዋል፣ እንደገና ያስጀምረዋል። ለዚህ ትምህርት ማስመስከሪያው ጎንደር በዓታ ለማርያም ነው። ከመንዝም ሆነ ከይፋት የተነሣ ልጅ ለምዱን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በቀፈፋ እየኖረ ዓመታት ያሳልፋል፤ ሲመለስ መርጌታ ተብሎ ይመለሳል። የመምህሩ መነሻ የገበሬ ቤት ነው፤ የመምህርነቱ ማረጋገጫ ግን ማን ዘንድ እንደተማረ ነው። የመምህራኑ ሐረግ በስም ይቆጠራል።

ከዚህ ሐረግ ውስጥ ሕዝብ በቀልዱ ይበልጥ የሚያውቀው አለቃ ገብረ ሐና አለ። ፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ የተወለደው ይህ ሊቅ በ19ኛው መቶ ዘመን ከነበሩት የታወቁ የአቋቋም መምህራን አንዱ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚነገረው፣ የጣና ማዕበል ሲመላለስና ሸምበቆው በነፋስ ሲወዛወዝ አይቶ አዲስ የዝማሜ ስልት አወጣ። የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን ነገር አልተቀበሉትም። እሱም ስልቱን ለልጁ ለተክሌ አስተማረ፤ ልጁ ደብረ ታቦር ላይ አስፋፋው። ዛሬ ተክሌ አቋቋም እየተባለ በብዙ አድባራት ይቆማል። አለቃ ገብረ ሐና በኋለኛ ዘመኑ በሸዋ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አካባቢ ኖሯል፤ የቀልዶቹ ግማሽ ያህሉ ከዚያ የመጡ ይመስላሉ። ቀልዱ አፍ ላይ ስለሚጥም ሰዎች የሚያስታውሱት እሱን ነው። አዲስ የእንቅስቃሴ ስልት ፈጥሮ፣ ተቀባይ ቢያጣ በልጁ በኩል ለትውልድ ማሳለፉ ግን ከቀልዱ ሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነው።

ሦስተኛው መነሻ አዝማሪ ነው። አዝማሪነት በአብዛኛው በዘር የሚወረስ ሙያ ሆኖ ቆይቷል፤ ጎንደር አጠገብ ያለው ቡርቧክስ ለዚህ የታወቀ መንደር ነው። አባት ለልጁ ማሲንቆ ያስይዘዋል፤ ሴቶቹ ይዘፍናሉ፣ ትከሻ ይመታሉ፣ እንግዳውን ከመቀመጫው ያስነሣሉ። ይህ የመጨረሻው ቀላል ችሎታ አይደለም። ያፈረን ሰው ፊት ለፊቱ ቆሞ፣ በፈገግታ አግባብቶ፣ በትከሻ ጥያቄ አቅርቦለት በትከሻ እንዲመልስ ማድረግ በየትኛውም የዳንስ ክፍል የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ችግሩ አዝማሪን ሕዝቡ እየወደደው አለማክበሩ ነበር። ጨዋታው ይፈለጋል፤ ልጅ ግን አይዳርለትም። ውዝዋዜ ከጊዜ በኋላ የደመወዝ ሥራ ሲሆን ይህ ንቀት አብሮ ወደ ከተማ ገባ። የመጀመሪያዎቹ የመድረክ ሴቶችም ተሸከሙት።

ውዝዋዜን ወደ መድረክ ያወጣው የሀገር ፍቅር ማኅበር ነው። ማኅበሩ በ1927 ዓ.ም. በመኰንን ሀብተ ወልድ ሲቋቋም ዓላማው በጣልያን ወረራ ዋዜማ ሕዝቡን ለአገሩ መቀስቀስ ነበር፤ ዘፈንና ውዝዋዜ የተጠሩት ለዚህ ነው። ከነጻነት በኋላ ማኅበሩ ቴአትር ቤት ሆነ። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። በእነዚህ ቤቶች ማሲንቆና ክራር የሚጫወቱ፣ ከየአገሩ የመጡ ሰዎች ከኦርኬስትራ ጋር ጎን ለጎን ኖሩ።

ኦርኬስትራው ራሱ ከሌላ ዓለም የመጣ ነበር። በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች የነፋስ መሣሪያ ባንድ ሲያቋቁሙ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን ነበር፤ የወንድሙ ልጅ ኔርሲስ ናልባንድያን በኋላ በአዲሱ ቴአትር ቤት የኢትዮጵያን ቅኝቶች ለነፋስ መሣሪያዎች አቀናበረ። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች የአሜሪካውን የስዊንግ ባንድ አደረጃጀት ይዘው፣ ሳክስፎኑን በአንድ ረድፍ፣ ጥሩምባውን በሌላ አሰልፈው ትዝታና ባቲ ተጫወቱ። ማታ ማታ በአዲስ አበባ ሆቴሎች ለዋልስና ለትዊስት የሚነሣው ሰው፣ ቀን ሀገር ፍቅር ገብቶ እስክስታ ያይ ነበር።

መድረክ ውዝዋዜውን ለወጠው። በዳስ ውስጥ ክብ የነበረው መስመር ሆነ፤ በመስመር የቆመ ተወዛዋዥ ተመልካቹን እንጂ ጓደኛውን አያይም። እስኪደክም ይዘልቅ የነበረው ጨዋታ በጥቂት ደቂቃ ማለቅ አለበት። ከሁሉም በላይ፣ አንድ ሰው የአንድ አገር ውዝዋዜ ብቻ ማወቁ አልበቃም፤ ያው ተወዛዋዥ በአንድ ምሽት ጎጃሜ፣ ትግሬ፣ ጉራጌና ወላይታ መሆን አለበት። የውዝዋዜ አሠልጣኝ የተወለደው ከዚህ አስፈላጊነት ነው። ጉራጌኛ በጉልበትና በእግር ነው፤ እስክስታ በትከሻና በደረት። በአንዱ ያደገን አካል ወደ ሌላው ለማምጣት፣ አክስትየዋ ሳታስብ ያደረገችውን ነገር ከፋፍሎ ማስረዳት የሚችል ሰው ይፈለጋል።

በልምምድ አዳራሽ ይህ እንዲህ ይሆናል። አሠልጣኙ ከበሮ ሳያስመታ በጭብጨባ ብቻ ይጀምራል። ተማሪዎቹ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ያደርጋሉ። መጀመሪያ ሁለቱም ትከሻ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፤ ቀጥሎ ወደ ላይና ወደ ታች፤ ከዚያ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። የጀማሪ ጥፋት የትም አገር አንድ ነው፤ ጭንቅላቱ አብሮ ይነቀነቃል፣ ጉልበቱ ይደርቃል፣ ትንፋሹን ይይዛል። ትንፋሹን የያዘ ሰው ትከሻው ይከብዳል፣ ደረቱም አይመታም። ስለዚህ ጥሩ አሠልጣኝ ትከሻ ከማስተማሩ በፊት ያስተነፍሳል። እስክስታ ላይ የሚሰማው ያ በአፍ የሚወጣ ‹‹እስስ›› የሚል ድምፅ ለጌጥ ብቻ የገባ አይደለም፤ ትንፋሽን ከምቱ ጋር ያስተካክላል።

ከመድረክ ሰዎች ጋር የሚነሡት ተስፋዬ ለማ ናቸው። ግብፃዊው የሙዚቃ ሊቅ ሃሊም ኤል ዳብህ በ1963 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ከተለያዩ ብሔረሰቦች የመጡ የባህል መሣሪያ ተጫዋቾችን አንድ ላይ አስቀመጠ፤ ተስፋዬ መሪነቱን በኋላ ተረከቡ። ቡድኑ በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካን ሲዞር በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀርቧል። ተስፋዬ ሕዝብ ለሕዝብ የተባለው የኪነት ቡድን በ1980 ዓ.ም. ባደረገው ጉዞ ሰሞን አሜሪካ ቀሩ። በዋሽንግተን በስደተኛው መካከል የባህል ሙዚቃና ውዝዋዜ ሲያደራጁ ኖረው በ2013 እ.ኤ.አ. እዚያው አረፉ።

በደርግ ዘመን አሠልጣኙ እስከ ቀበሌ ወረደ። የኪነት ቡድን የሌለው አካባቢ አልነበረም ማለት ይቻላል። የወሎው ላሊበላ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ጊሽ ዓባይ ስማቸው የገነነ ሲሆን ከእነሱ በታች በየወረዳው ቁጥር ስፍር የሌላቸው ነበሩ። ኪነት ለአብዮቱ መፈክር ማዳመቂያ ነበር፤ ዘፈኖቹም አብዛኞቹ ከዘመኑ ጋር ተረስተዋል። ያም ሆኖ የገበሬ ልጅ ውዝዋዜን በቡድን፣ በልምምድ ሰዓት፣ በአሠልጣኝ ሥር እንዲማር ያደረገ የመጀመሪያው ሰፊ ዘመቻ ያ ነበር። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ያለው የኪነት ክበብና የሚኒ ሚዲያ ልማድ መልኩን ከዚያ ወስዷል። ክበቡን የሚመራው ብዙ ጊዜ የአማርኛ ወይም የሌላ ትምህርት መምህር ነው፤ ውዝዋዜ በሥራ መደቡ ላይ የለም፣ ክፍያም የለውም።

ውዝዋዜን ለጥናት ብለው የቀረቡት ደግሞ ከሩቅ የመጡ ሰዎች ነበሩ። በ1965 እ.ኤ.አ. ጄርጅ ማርቲንና ባሊንት ሻሮሺ የተባሉ የሃንጋሪ ተመራማሪዎች ኢትዮጵያን ዞረው ውዝዋዜና ሙዚቃ ቀርጸዋል። የአገራቸው ልጅ ቲቦር ቫዳሺ ደግሞ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለ ኢትዮጵያ ውዝዋዜ ተከታታይ ጽሑፍ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት አሳተመ። የሃንጋሪ ሊቃውንት የራሳቸውን ገበሬ ጭፈራ በፊልምና በምልክት የመመዝገብ ልማድ ስለነበራቸው፣ የእኛን ሲያዩ ምን መጻፍ እንዳለበት ያውቁ ነበር።

የአስተማሪው መነሻ ከትምህርት ቤት ውጭ መሆኑ የኢትዮጵያ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በክፍያ የሚማሩት የስዊንግ ዳንስ የተወለደው በኒው ዮርክ፣ ጥቁሮች በሚኖሩበት በሃርለም ነው። ሳቮይ ቦልሩም የተባለው የዳንስ አዳራሽ መጋቢት 12 ቀን 1926 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ነጭና ጥቁር አብሮ የሚደንስበት ስፍራ በአሜሪካ ብርቅ ነበር። ሊንዲ ሆፕ የተባለው ዳንስ እዚያ አደገ። የአዳራሹን ምርጥ ወጣቶች ሰብስቦ፣ አሠልጥኖ፣ ፊልም ድረስ ያደረሰው ኸርበርት ኋይት ሥራው በር ላይ ቆሞ ጠበኛ ማስወጣት ነበር። እሱ ካሠለጠናቸው ወጣቶች ዋነኛው ፍራንኪ ማኒንግ በ1914 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ ተወልዶ ሃርለም ያደገ ሲሆን፣ የመጀመሪያዋ መምህሩ ለቤት ኪራይ ማሟያ በሚዘጋጅ ድግስ ላይ የምትደንሰው እናቱ ነበረች። በ1935 እ.ኤ.አ. በውድድር ላይ ጓደኛውን በጀርባው አሻግሮ አየር ላይ ገለበጣት፤ የሊንዲ ሆፕ የአየር ላይ ስልት የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዘመኑ ተለወጠ፣ ትልልቅ ባንዶች ተበተኑ፣ ሳቮይ በ1958 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ማኒንግ ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ሦስት አስርት ዓመታት ገደማ አሳለፈ። በ1986 እ.ኤ.አ. ከካሊፎርኒያ የመጡ ወጣት ዳንሰኞች ፈልገው አገኙትና እንዲያስተምራቸው ለመኑት። ያን ጊዜ ሰባን ያለፈ ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ አገር ላገር እየዞረ አስተማረ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ለብሮድዌይ ትርኢት ባዘጋጀው ዳንስ ከሌሎች ጋር የቶኒ ሽልማት አገኘ። ስዊድናውያንም ዳንሱን የተማሩት ከአሮጌ ፊልምና ከሳቮይ ሽማግሌዎች ነው፤ በ1982 እ.ኤ.አ. በኸራንግ መንደር የጀመሩት የበጋ ካምፕ ዛሬ ከመላው ዓለም ተማሪ ይስባል።

ብሉዝ ደግሞ መድረክም አዳራሽም አልነበረውም። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጠባብ መጠጥ ቤቶችና በከተማ የኪራይ ቤቶች ውስጥ፣ ከቦታው ጥበት የተነሣ እግር ብዙ ሳይነሣ፣ በዝግታ የሚደነስ የጥንዶች ዳንስ ነው። ትዝታን ከብሉዝ ጋር የሚያነጻጽሩ የሙዚቃ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሁለቱም ናፍቆትን በጥቂት ድምፆች ይዘው ዘፋኙ እንደ ሁኔታው እንዲጨምርበት ይተዋሉ። ውዝዋዜያቸውም ይመሳሰላል ቢባል ግን ማጋነን ይሆናል። በመንፈስ የሚቀራረቡት ቤቶቹ ናቸው። አዝማሪ ቤትና የደቡቡ መጠጥ ቤት ሁለቱም ጠባብ፣ ሁለቱም ተመልካችና ተጫዋች የማይለይባቸው ናቸው። የሃርለምና የአዲስ አበባ ሰዎችም ፈጽሞ አልተራራቁም። በባርቤዶስ የተወለደው የሃርለም ሙዚቀኛ አርኖልድ ፎርድ በ1930 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ገብቶ እዚህ አርፏል፤ ባለቤቱ ሚኞን ፎርድም በትምህርት ቤት መሥራችነት ትታወሳለች። ዱክ ኤሊንግተን በ1973 እ.ኤ.አ. ባንዱን ይዞ መጥቶ በአዲስ አበባ ተጫውቷል።

የማኒንግን የመሰለ ታሪክ በአዲስ አበባም አለ። ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ በ1996 እ.ኤ.አ. መቶ ያህል የጎዳና ልጆችን ይዞ ካርሚና ቡራና የተባለውን ሥራ ለመድረክ አበቃ። ማልዱም ራሱ ዳንስ የጀመረው ዘግይቶ፣ ከሃያ ዓመቱ በኋላ ነው፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ‹‹ዘግይቷል›› የሚባል ልጅ የማያምነው። ከዚያ ሥራ አዱኛ የተባለው የማኅበረሰብ ዳንስ ቴአትር ተወለደ። ጥቂት ልጆች ተመርጠው ለዓመታት ሠለጠኑ፤ ሥልጠናው መደነስን ብቻ ሳይሆን ማስተማርንም ያካተተ ነበር። አካል ጉዳተኛ የሆኑና ያልሆኑ ዳንሰኞች አብረው የሚሠሩበትን ካንዶኮ የተሰኘ ቡድን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው አዳም ቤንጃሚንም መጥቶ አስተማራቸው። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 እ.ኤ.አ. በሮሌክስ የጥበብ መርሐ ግብር ለጃፓናዊው የዳንስ ሊቅ ሳቡሮ ተሺጋዋራ ደቀ መዝሙር ሆኖ ተመረጠ። በ2009 እ.ኤ.አ. እሱና ባልንጀራው አዲሱ ደምሴ በለንደኑ ሳድለርስ ዌልስ መድረክ ላይ ቀረቡ። ሁለቱም ወደ ማስተማር ተመልሰዋል።

መላኩ በላይ ደግሞ ከሌላ በር የገባ ነው። ውዝዋዜን የተማረው ከጥምቀትና ከሌሎች በዓላት ሕዝብ መካከል ነው። በአዲስ አበባ ካዛንቺስ በነበረው ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ደመወዝ ሳይኖረው፣ እንግዳ በሚሰጠው ሽልማት እየኖረ፣ እዚያው እያደረ ዓመታት ተወዛወዘ። በ2008 እ.ኤ.አ. ቤቱን ራሱ ተረከበውና የባህል ማዕከል አደረገው። ኢትዮከለር የተሰኘውን ቡድኑን ይዞ አውሮፓና አሜሪካ ዞሯል፤ የፈረንሳይ መንግሥትም ለጥበብ ሰዎች የሚሰጠውን ኒሻን ሸልሞታል። መላኩ በየአገሩ እየዞረ የሚያስተምረው እስክስታ የመድረኩ ሳይሆን የክቡ ነው፤ ፊት ለፊት ተያይቶ፣ በትከሻ ተጠያይቆ የሚሠራው።

በእስራኤል ያለው ታሪክ አቅጣጫው ይለያል። ባሌትና ዘመናዊ ዳንስ የተማረችው ሩት ኤሸል በ1995 እ.ኤ.አ. በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ጋር እስክስታ የተሰኘ የዳንስ ቡድን አቋቋመች። አስተማሪዋ ውዝዋዜውን ከተማሪዎቿና ከወላጆቻቸው መማር ነበረባት፤ የእሷ ድርሻ ለመድረክ ማዘጋጀቱ ነበር። ኢትዮጵያ ተወልዳ በልጅነቷ እስራኤል የገባችው ደጌ ፌደር በዚያው ቡድን ጀምራ፣ በኋላ ቤታ የተባለውን ተከታይ ቡድን ለመምራት በቃች። እዚያ ለሚያድጉ ልጆች አስተማሪዋ ከቤታቸው የወጣች ሆነች።

ወደ መዘዞ ሲመለሱ፣ የዛሬው ልጅ ከዳሱ ሌላ ስልክ አለው። የጎንደሩን ትከሻና የጉራጌውን እርግጫ በቪዲዮ ያያል፣ ከጓደኞቹ ጋር ይደጋግመዋል፣ በትምህርት ቤቱ ክበብ ያቀርበዋል። ስልክ ክርን ይዞ አያርምም፤ ስለዚህ ከስልክ የተማረ ልጅ ክንዱ ሲወዛወዝ ይታያል። ደግሞም ከስልኩ የሚመጣው የሌላው አገር ስልት ስለሚበዛ፣ የራሱ ደጋ ጭፈራ በልጁ ዓይን የሽማግሌ ጨዋታ መስሎ መታየቱ አይቀርም። የአካባቢውን ስልት የሚያውቁት አባቶችና እናቶች አስተማሪ መሆናቸውን ራሳቸውም አያውቁትም፤ የክበቡ መምህርም እነሱን ወደ ትምህርት ቤት መጋበዝ አይታየውም። ቢጋብዝ ግን አንድ ቅዳሜ ጠዋትና አንድ ከበሮ ይበቃል።

የስም ነገርም አለ። በዘፈን አልበም ላይ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን እንደሆነ ይጻፋል። በሙዚቃ ቪዲዮም አዘጋጁና ካሜራ ያነሣው ይጠቀሳሉ። ውዝዋዜውን ያቀናበረውና ያሠለጠነው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስሙ አይገኝም፤ ‹‹ተወዛዋዦች›› ተብሎ በጅምላ ይታለፋል። ለዚህ ሕግ አልጎደለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለመድረክ የተቀናበረ የውዝዋዜ ሥራን ከድራማና ከሙዚቃ ጋር ጥበቃ ከሚገባቸው ሥራዎች ይቆጥረዋል። የሕዝቡ እስክስታ የማንም የግል ንብረት አይሆንም፤ ከእሱ ተነሥቶ የተፈጠረው ወጥ ቅንብር ግን የአቀናባሪው ነው። አዋጁ የሚጠይቀው ሥራው ወጥ እንዲሆንና እንዲቀረጽ ነው። አሠልጣኞች ያቀናበሩትን በቪዲዮ ቀርጸው፣ ቀኑንና ስማቸውን ጽፈው ያስቀምጡ፤ ቪዲዮ የሚያሠሩ ዘፋኞችና ፕሮዲውሰሮችም የአሠልጣኙን ስም ከዜማ ደራሲው ስም በታች ያስገቡ።